ወሬ የቀደመው ፋብሪካ፦ ከጎንደር የአንድ ትልቅ ድርጅት የውስጥ መረጃ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለ፣ ስንዴ ፈጭቶ ዱቄት የሚያወጣ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ነው። ስሙን አልጠራም። የደረሰበት ነገር ባንክ ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ ሆቴልም የሚደርስ ስለሆነ ስሙ የሚጨምረው ነገር የለም። እኔ የተጠራሁት በማኔጅመንቱና በሠራተኛው መካከል ያለውን የመረጃ መንገድ እንድፈትሽ ነው። ከዚያም በኋላ እየተመላለስኩ ሥራውን ተከታትያለሁ።

ችግሩ የጀመረበትን ጊዜ ለጎንደር ሰው ማስታወስ አያስፈልግም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ጎንደር ላይም ሰዓት እላፊ ተጣለ። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ነበር የሚሠራው። ሌሊት መግባትና መውጣት ሲከለከል የሌሊቱ ፈረቃ ቀረ፤ የከሰዓቱም አጠረ። የሌሊት ሠራተኞች ተራ እየያዙ በቀን እንዲገቡ ተደረገ።

ማኔጅመንቱ በዚያን ጊዜ የወሰነው ውሳኔ መልካም ውሳኔ ነበር። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ። ከሥራ የሚቀነስ ሰው አይኖርም። መነሻ ደሞዝ አይነካም። የሚቀረው የሌሊት አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው፤ የሌሊት ሥራ ስለሌለ። ሥራው ወደ ቦታው ሲመለስ ይህም ይመለሳል። በዚያ ክረምት ስንት ድርጅት ሠራተኛውን "ቤትህ ቆይ" ብሎ እንዳሰናበተ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ውሳኔው ማስታወቂያ ሆኖ ተጻፈ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ስለነበር የቢሮ ሰው ሁሉ አየው። ለማኔጅመንቱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ወፍጮና ማሸጊያ ክፍል ያለው ሠራተኛ ግን ቴሌግራም የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው። ዳታ ደግሞ የለም።

ወሩ አለቀና ደሞዝ ገባ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ኢንተርኔት አይፈልግምና የባንኩ መልእክት ለሁሉም ደረሰ። ስለ ደሞዙ ለሠራተኛው መጀመሪያ የነገረው ባንኩ ሆነ ማለት ነው። የነገረውም ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ካለፈው ወር ያነሰ ነው፤ ለምን እንዳነሰ የሚል ግን የለበትም።

በዚያው ቀን ሰርቪስ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ሰዉ ሲሳፈር "ደሞዝ ተቆረጠ" ነበር። ፒያሳ ሲደርስ "ግማሹ ሊቀነስ ነው" ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ማራኪ ላይ የተሳፈሩት "ፋብሪካው ተሸጧል" የሚል ይዘው መጡ። ከቢሮ ወጥቶ "ኧረ እንዲህ አይደለም" ያለ ሰው ግን አልነበረም። ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ማስታወቂያው ደርሷል ብሎ ነው የሚያምነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ስለ ድርጅቱ የሚወራውን ከተማው ሁሉ ሲሰማ የመጨረሻው ሰሚ ራሱ ድርጅቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ እጃቸው የሚፈለግ ሰዎች መልቀቅ ጀመሩ። መካኒክና ኤሌክትሪሻን ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ሥራ አያጣም። ሁለተኛውና የከፋው፣ የቀረው ሠራተኛ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ይነቅዛል፤ እንዴት እንደሚነቅዝ የሚያሳየው የአንዱ ኦፕሬተር ነገር ነው።

ይህ ሰው የሚይዘው ማሽን ኩሽኔታ መጋሉን በእጁ ዳሶ አውቋል። ድምፁም ተቀይሯል። በደህናው ጊዜ ቢሆን ሮጦ መካኒክ ይጠራል። በዚያን ቀን ግን የርክክብ መዝገቡ ላይ "ደህና" ብሎ ፈርሞ ወጣ። በማግስቱ ማሽኑ ቆመ። ኩሽኔታው ተበልቶ ዘንጉን ይዞት ሄደ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ መንገዱም በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አልነበረም። መስመሩ ቆሞ ሰነበተ። እኔም የተጠራሁት ከዚህ በኋላ፣ በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው።

ኦፕሬተሩን ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው አልሸፋፈነም። "የእኔን ደሞዝ ሲቆርጡ ማን ነገረኝ?" አለኝ። ደሞዙ እንዳልተቆረጠ፣ የቀረው አበሉ ብቻ እንደሆነ ያን ዕለት ከእኔ ነው የሰማው። ከወር በላይ አልፎት።

ስለ ሠራተኛ ተሳትፎ ብዙ ይወራል። ቲሸርት ይታደላል፣ የኳስ ውድድር ይዘጋጃል፣ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ይሸለማል። ይህን አልቃወምም። ለእኔ ግን ተሳትፎ ማለት ያ ኦፕሬተር የጋለውን ኩሽኔታ ሲዳስስ አፉን ለመክፈት መፈለጉ ነው። የሚፈልገው ደግሞ ስለራሱ ጉዳይ የነገረው ሰው ካለ ነው። ወደ ታች ያልወረደ ነገር ወደ ላይ አይወጣም። ከዚህ ጉዳይ የያዝኩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከእሱ የሚመዘዝ ነው።

ማን ነገረህ?

መጠይቅ አላሰራጨሁም። በሰው ኃይል ክፍል በኩል የሚበተን ወረቀት ላይ ሠራተኛው "ሁሉም ጥሩ ነው" ብሎ እንደሚሞላ ማንም ያውቃል፤ ጎመን በጤና ነው። ሰው በነጻነት የሚያወራበት ቦታ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ሰርቪሱ አለ። ፈረቃ ሲቀየር እጅ መታጠቢያው ጋ የሚቆመው ሰው አለ። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ "የደሞዙን ነገር መጀመሪያ ከማን ሰማህ?"

ከባንክ። ከባለቤቴ፤ እሷ ከጎረቤት። ከባጃጅ ሹፌር። ከጥበቃው። "ከፈረቃ ኃላፊዬ" የሚል አጣሁ ማለት ይቻላል።

የፈረቃ ኃላፊዎቹን ለብቻ ሳገኛቸው ነገሩ ተገለጠ። እነሱም የሰሙት ከባንክ ነው። እነሱም ዳታ የላቸውም። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሠራተኛው ጋሼ የሚላቸው፣ ይህን አጫወቱኝ። ልጆቹ ተሰብስበው ጠየቋቸው። "አጣርቼ እነግራችኋለሁ" ብለው ወደ ቢሮ ወጡ። ቢሮ የነበረው ልጅ "ጋሼ፣ ማስታወቂያው እኮ ወጥቷል" አላቸው። የት እንደወጣ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም መጠየቅ አፈሩ። ተመልሰው ለልጆቹ "ገና ነው" አሉ። ስንት ዓመት ያዘዟቸው ልጆች ፊት ምንም ሳይዙ መመለስ ምን እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።

የቅርብ አለቃ እንዲህ ሲሆን ሌላው ሁሉ ይፈርሳል። ጋሎፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በየዓመቱ በብዙ አገር ሠራተኞችን ይጠይቃል። በእሱ መረጃ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከልቡ ሥራው ላይ ያለ ሠራተኛ 21 ከመቶ ብቻ ነው። በአንድ ቡድንና በሌላው መካከል ላለው የተሳትፎ ልዩነት 70 ከመቶ ያህሉ ከቡድኑ አለቃ ጋር የተያያዘ ነው ይላል ያው ድርጅት። አለቃ ሲል ሥራ አስኪያጁን አይደለም። እንደ እኒያ ጋሼ ያለውን ሰው ነው።

የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም እንዳይባል አለ። ያለው አስተዳደር ሕንፃው መግቢያ ላይ ነው። ሠራተኛው የሚገባው በጭነት መኪናው በር ነው። ሰሌዳው ላይ ያገኘሁት ወረቀት ፀሐይ ያነጣው የድሮ የጨረታ ማስታወቂያ ነበር። አጭር የጽሑፍ መልእክት ለምን አልላካችሁም ስላቸውም ማኅደሮቹን አወጡልኝ። በየማኅደሩ ያለው ስልክ ቁጥር ሠራተኛው በተቀጠረበት ቀን የሰጠው ነው። ብዙው ቁጥር ጥሪ አይቀበልም፤ አንዳንዱን ሌላ ሰው ያነሣዋል።

ማስታወቂያው ራሱስ? ቃል በቃል አልገለብጠውም፤ አጻጻፉ ግን እንዲህ ነበር፦

"ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ወቅታዊ ሁኔታዎችን ከግምት ውስጥ በማስገባት የፈረቃ አደረጃጀቱ የተሻሻለ በመሆኑ፣ ከዚሁ ጋር ተያይዞ ከመነሻ ደሞዝ ውጪ ያሉ ክፍያዎች በተጨባጭ በተከናወነ ሥራ ላይ ብቻ ተመሥርተው የሚፈጸሙ መሆኑን እናስታውቃለን።"

ይህን ያነበበ ሰው የሚይዘው "ክፍያ" እና "ብቻ" የሚሉትን ነው። ሠራተኛው ከሁሉ በላይ መስማት የፈለገው "የሚቀነስ ሰው የለም" የሚለው ነገር ደግሞ ጨርሶ የለበትም። ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፤ ማስታወቂያው ላይ ቀርቷል። ምክንያቱን ስጠይቅ "በጽሑፍ ቃል ከገባን በኋላ ያስጠይቀናል" ተባልኩ። እንግዲህ ዳታ ኖሮም ቢነበብ ብዙ አይፈታም ነበር።

ከፈረቃ ኃላፊዎቹ ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው።

"ከሥራ የሚቀነስ ሰው የለም። መነሻ ደሞዛችሁ አልተነካም። የሌሊት ፈረቃ ስለቆመ የሌሊት አበል የለም። ትርፍ ሰዓት የሠራ እንደ በፊቱ ይከፈለዋል። የሌሊት ፈረቃ ሲመለስ አበሉም ይመለሳል። ጥያቄ ካላችሁ የፈረቃ ኃላፊያችሁን ጠይቁ። እሱ ካላወቀ እስከ ዓርብ መልስ ያመጣላችኋል።"

ሥራ አስኪያጁ አንብቦት ለረጅም ጊዜ ያዘው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ላውጣ አላውጣ እያለ ነበር። በመጨረሻ ፈረመበት። የዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁ ውሳኔ ያ ፊርማ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እሱን ተከትሎ የመጣ ነው።

አሥር ደቂቃ

መጀመሪያ የተነሣው ሐሳብ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ፈረቃ ሥራ ሲጀምር አሥር ደቂቃ ቆሞ ይነጋገር። ኃላፊው ያለፈው ፈረቃ ምን እንደገጠመው ይናገራል፣ ከቢሮ የመጣ ነገር ካለ ይነግራል፣ ከዚያ ጥያቄ ይቀበላል።

የምርት ክፍሉ ኃላፊ አልተቀበለውም። አሥር ደቂቃ በየፈረቃው፣ በየቀኑ፣ በወር ሲደመር ስንት ኩንታል እንደሆነ አስልቶ መጣ። ስሌቱ ትክክል ነበር። መልሴ ማሽኑ ቆሞ የሰነበተበትን ጊዜ አብሮ እንዲያሰላ ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ "እንግዲያው አሥር ደቂቃ ቀድመው ይምጡና ይሰብሰቡ፣ ምርቱ አይነካም" አለ። ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎታል። ከዚያ ያለፈ ደቂቃ ዋጋ አለው። ሠራተኛውን "እናዳምጥሃለን" ብለህ ጠርተህ ከራሱ ሰዓት ላይ ከወሰድክበት፣ ምን እንደምታስብለት አሳየኸው ማለት ነው። ስምምነት ላይ የተደረሰው እንዲህ ነው፦ አሥሩ ደቂቃ የሥራ ሰዓት ነው፤ የሚወጣው ፈረቃ ማሽኑን እየጠበቀ ይቆያል፣ የቆየበትም ይቆጠርለታል።

ስብሰባው ብቻውን ግን ምንም አያደርግም። ኃላፊው የሚናገረው ነገር ከሌለው አሥሩ ደቂቃ የቁጣ ሰዓት ይሆናል። አንድ ሁለት ፈረቃ ላይ እንዲያ ሆኖም ነበር፤ ኃላፊው ስለ መዘግየትና ስለ ንጽህና ይቆጣል፣ ሠራተኛው መሬት መሬት ያያል። ነገሩን የለወጠው ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ የፈረቃ ኃላፊዎቹ ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ፣ ከፋይናንስና ከሰው ኃይል ኃላፊ ጋር ይቀመጣሉ። በሳምንቱ ለሠራተኛ የሚነገረው ነገር መጀመሪያ ለእነሱ ይነገራል። ከዚያ እነሱ ይጠይቃሉ፤ ልክ ሠራተኛው እንደሚጠይቃቸው አድርገው፣ ሳያለሳልሱ። "ይህን ብላቸው 'እሺ እስከ መቼ?' ይሉኛል፤ ምን ልበል?" ይላል አንዱ። መልስ እስኪገኝ አይነሡም።

የመጀመሪያዎቹ ሰኞዎች ከባድ ነበሩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ የፈረቃ ኃላፊ ሲያፋጥጣት ለምዳ አታውቅም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ከዚያ ክፍል ሲወጡ አረማመዳቸው ሌላ ነበር። ጋሼ ልጆቹ ሳይጠይቋቸው በፊት መልሱን ይዘው ነበር የሚወርዱት።

ከዚያ የጥያቄ ደብተር መጣ። ተራ ባለመስመር ደብተር ነው፤ በየፈረቃው አንድ። የተጠየቀ ጥያቄ ያለ ስም ይጻፋል፣ ቀን ይጻፍበታል። መልሱም እዚያው ከጎኑ፣ ከነቀኑና መልሱን ከሰጠው ክፍል ስም ጋር። በሳምንት ውስጥ መልስ ይሰጣል። "አይቻልም" መልስ ነው፤ ግን ምክንያቱ አብሮ ይጻፋል። መልስ የሌለው ክፍት ቦታ ለሁሉም ይታያል፤ የደብተሩ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ገጽ ላስነብብ። ማሸጊያ ክፍል ያሉ እናት፣ ከረጢት የሚሰፋው ማሽን ክር ቶሎ ቶሎ እየተበጠሰ እንዳስቸገራቸው አስጻፉ። ቀድሞ ይህ በአፍ ተነግሮ "እናያለን" ተብሎ ቀርቷል። አሁን በጽሑፍ ሆነና ግዥ ክፍል ጋ ደረሰ። ግዥ ክፍል የገዛው ክር ከበፊቱ ርካሽ እንደሆነ ያውቃል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም ነበር። የግዥ ኃላፊው ወርዶ ማሽኑ አጠገብ ቆመ። እናትየው "ና እዚህ ቁም፣ ልጄ፣ እየው" እያሉ አሳዩት። ክሩ ተበጠሰ፣ ቀጠሉት፤ ተበጠሰ፣ ቀጠሉት። ክሩ ተቀየረ። ደብተሩ ላይም "የቀድሞው ክር ይገዛል። ግዥ ክፍል" ተብሎ ተጻፈ። እኔ ሥራው መያዙን ያወቅሁት በዚህ ነው። ከዚያ በፊት ደብተሩ ሙሉ ስለ ደሞዝ ነበር። ሰው ስለ ደሞዙ ሲረጋጋ ስለ ሥራው መጠየቅ ይጀምራል።

የሠራተኛ ማኅበሩ ነገር

ይህን ክፍል ብዙ ድርጅቶች ይዘሉታል፤ መዝለል ግን አይቻልም። ፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበርና የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና ማኔጅመንቱ ተደራድረው የፈረሙት ውል፣ አለው። ሥራ ስንጀምር የማኅበሩ መሪዎች በጥርጣሬ ነበር ያዩን። "ማኔጅመንቱ በቀጥታ ሠራተኛውን እያነጋገረ ማኅበሩን ባዶ ሊያደርግ ነው" የሚል ነበር ስጋታቸው። ስጋቱ መሠረት አለው። በብዙ ቦታ "ግልጽ ውይይት" የሚባለው ነገር ማኅበሩን ለማለፊያ ውሏል።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ደሞዝን፣ የሥራ ሰዓትንና ጥቅማ ጥቅምን የሚነካ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለማኅበሩ ይነገራል፤ በዚያው ቀን ለፈረቃ ኃላፊዎች። የኅብረት ስምምነት ድርድር የሚያስፈልገው ጉዳይ በጥያቄ ደብተር አይመለስም፤ ወደ ማኅበሩ ይመራል። ማኅበሩም ደብተሮቹን ማየት ይችላል። ከዚህ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸው ሐሳብ ማምጣት ጀመሩ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሕጉን በአንድ ወረቀት ያስለጠፉት እነሱ ናቸው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 የተሠራ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5። ወረቀቱ የተለጠፈው አዲሱ ሰሌዳ ላይ ነው፤ እጅ መታጠቢያው ጋ፣ ሁሉም ሰው ቆሞ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ።

ያልሠሩ ነገሮችም ነበሩ። የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተሰቅሎ ነበር፤ ቁልፉ ግን ብዙ ቅሬታ የሚቀርብበት ሰው እጅ ነበር፤ ማን ይጽፋል? ተነሣ። አዳራሽ ሙሉ ሠራተኛ ሰብስቦ በማይክ ጥያቄ መጠየቅም ተሞክሯል። እጅ ያወጣው ማንም የለም። በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ አለቃን መጠየቅ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ በትንሹ ቡድን ውስጥ፣ ከሚያውቀው ሰው ፊት ግን ያው ሰው ይናገራል። የሚቆጡትን ኃላፊዎች ደግሞ ምክር አልመለሳቸውም። ስብሰባውን ምክትሎቻቸው እንዲመሩት ሲደረግ ነው የተስተካከለው።

ጥምቀትና ግብር

ሥርዓቱ የተፈተነው ሁለት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጥምቀት ነው። ጎንደር ላይ ጥር 10፣ 11 እና 12 ሥራ መግባት የሚፈልግ የለም። ታቦቱን ወደ ፋሲል መዋኛ ያልሸኘ ሰው በዓሉን ያሳለፈ አይመስለውም። ፋብሪካው ግን በዓልም ቢሆን ጥበቃ፣ ጄኔሬተር፣ መጋዘን ላይ ሰው ይፈልጋል። ቀድሞ ማን እንደሚገባ ኃላፊው ለብቻው ይወስን ነበር። የወጣ ስም "ዘመድ የለውም" ማለት ነው ተብሎ ይታማል፤ ቂሙም እስከ ፋሲካ ይቆያል። ይህን ጉዳይ ያነሡት ሠራተኞቹ ናቸው፣ በደብተሩ። መልሱም ከእነሱ መጣ፦ ባለፈው ዓመት የገባ ዘንድሮ አይገባም፤ ከቀሩት መካከል በዕጣ። ዕጣው በጠዋቱ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉ እያየ፣ ከበዓሉ ብዙ ቀደም ብሎ ወጣ። ዕጣ የወጣባቸው ደስ አላላቸውም። ግን ማንንም አላሙም፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ተነጋግረው ቀን ተለዋወጡ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በ2017 ነው። የገቢ ግብር ማሻሻያው ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደሞዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳደገ። ወሬው ከአዋጁ ቀድሞ ገባ። "መንግሥት ለሁሉም 2,000 ብር ጨመረ" የሚል ነበር። ይህ ወሬ ሳይታረም ደሞዝ ቢገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጠበቁት በታች ያዩ ሰዎች "ድርጅቱ በላብን" ይላሉ።

በዚህ ጊዜ ግን ሰኞው ነበር። ፋይናንስ አንድ ወረቀት አዘጋጀች፣ በ6,000 ብር ደሞዝ ምሳሌ። በድሮው ስሌት ግብሩ 935 ብር ነበር። በአዲሱ የመጀመሪያው 2,000 ነጻ ነው፣ የሚቀጥለው 2,000 ላይ 15 ከመቶ ማለትም 300፣ የመጨረሻው 2,000 ላይ 20 ከመቶ ማለትም 400፤ ድምር 700 ብር። የጡረታ መዋጮው 7 ከመቶ፣ 420 ብር፣ እንደነበረ ነው። ስለዚህ እጅ ላይ የሚደርሰው ከ4,645 ወደ 4,880 ከፍ ይላል፤ ጭማሪው 235 ብር ነው። የፈረቃ ኃላፊዎቹ ስሌቱን እዚያው በእስክሪብቶ ሠርተው አረጋገጡ። "የእኔስ ስንት ይመጣል?" ለሚል ሰው የሌሎች የደሞዝ እርከኖችም ተሰልተው ተያዙ። ወረቀቱ ደሞዝ ሳይገባ በፊት በየፈረቃው ተነበበ፣ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ፣ በታደሰው ስልክ ቁጥር አጭር መልእክት ተላከ። ደሞዝ በገባ ማግስት የፋይናንስ መስኮት ጋ ሄጄ ነበር። ሰልፍ አልነበረም። አንድ ልጅ ብቻ መጥቶ የእሱ በአምስት ብር እንደሚለይ አሳየ። ልጁ ልክ ነበር፤ ተስተካከለለት።

የሞባይል ኢንተርኔቱ ሲመለስ "እንግዲህ ወደ ቴሌግራማችን እንመለስ፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ ከቢሮ መነሣቱ አልቀረም። ግሩፑ ተመልሷል፤ ይጠቅማልም። ግን የሰኞው ወረቀት እዚያ የሚለጠፈው በየፈረቃው ከተነበበ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ የፈረቃ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ዘብ ቆመዋል። ስልክ የሌለው፣ ዓይኑ የደከመ፣ ንባብ የማይቀናው ሠራተኛ አለ። ከፊቱ ቆሞ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ችግሩ ሁሉ አልተፈታም። የለቀቁት መካኒኮች አልተመለሱም። ደብተሩም በአንዳንድ ፈረቃ ይሳሳል፤ ኃላፊው ዕረፍት ሲወጣ የሚተካው ሰው ይረሳዋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሹፌሮችና የሽያጭ ሰዎች ናቸው። ዱቄቱን ጭነው ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ፈረቃ የላቸውም፤ ጠዋት የሚሰበስባቸው የለም። ስለ ድርጅቱ ከደንበኛ አፍ እየሰሙ ነው የሚመለሱት። ሰሞኑን አንዱ ሹፌር ያመጣው ሐሳብ አለ፦ የሰኞው ወረቀት መጋዘን በር ላይ፣ የጭነት ሰነዱን ሲቀበሉ አብሮ ይሰጣቸው፤ ጥያቄያቸውንም ሰነዱን ሲመልሱ እዚያው ይጻፉ። ሹፌሮቹ ወደውታል። የመጋዘን ኃላፊው ሰልፉን ያረዝምብኛል ብሎ ገና አልተስማማም፤ በሚመጣው ሰኞ ከሹፌሮቹ ተወካይ ጋር ፊት ለፊት ሊነጋገሩበት ተይዟል።